ያለ አዛዥ የሚደራጁ የስኳር ቀለበቶች

እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ያለ አዛዥ ሥርዓት ይቆማል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሳይክሎዴክስትሪን ግን አሳመነኝ። ይህ ከስታርች የሚገኝ፣ 6፣ 7 ወይም 8 ግሉኮሶች የተያያዙበት የቀለበት ቅርፅ ያለው ሞለኪውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ፈረንሳዊው ቪሊየ አገኘው። የቀለበቱ ውጭ ውኃ ይወዳል፤ ውስጡ ውኃ ይሸሻል። ስለዚህ ከውኃ የማይስማማ ሞለኪውል ማንም ሳያዝዘው ውስጡ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1992 ጃፓናዊው አኪራ ሃራዳና ባልደረቦቹ ቀለበቶቹ በረጅም ሞለኪውል ላይ እንደ ጨሌ ከተሰኩ በኋላ ጫፎቹን ዘግተው ሐብል ሠሩ።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚሰጠው ሮኩሮኒየም የመተንፈሻ ጡንቻን ጭምር ያስራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ፣ በ2015 በአሜሪካ የተፈቀደው ሱጋማዴክስ ከባለ 8ቱ ቀለበት የተሠራ ነው፤ ሮኩሮኒየምን ደም ውስጥ ዋጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ የበሽተኛውም ጡንቻ ይፈታል። አሳሪውን አስሮ ታሳሪውን መፍታት ይሏል ይህ ነው!