የናፍጣ ፖምፓ ዜና መዋዕል

ለሰው ልጅ የእጅ ጥበብን በሰጠ በእግዚአብሔር ስም ይህን የናፍጣ ፖምፓ ታሪክ እንጽፋለን። የምንጽፈውም በጎንደርና በስሜን ደጋ መኪና መንገድ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ሌሊት ለሚተጉ መካኒኮች ክብር ነው።

የዓድዋ ድል በሆነ በዓመቱ፥ በ1889 ዓ.ም፥ ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ በአውግስቡርግ ከተማ ሞተሩን አስፈተነ። ናፍጣው በታመቀ አየር ስለሚነፋ የአየር መጭመቂያው ከባድ ነበር፤ ለመኪናም አልሆነም። በኅዳር 1920 ዓ.ም ግን ሮበርት ቦሽ ናፍጣን ያለ አየር የሚገፋውን ፖምፓ በብዛት ማምረት ጀመረ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንዲት ትንሽ ፒስተን ተመድባ ናፍጣውን በቀጭን ቱቦ ወደ ኖዝል ትገፋለች፤ በፒስተኗና በቤቷ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ሺኛ እጅ ጥቂት ብቻ ነው።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም ጠላት ጣሊያን በካሚዮን ጎንደር ገባ። ስለዚያ ቀን ይህ ይበቃል።

በ1934 ዓ.ም ግን የጌታ ቸርነት ተገለጠ። በመስከረም፥ በመስቀል ሰሞን፥ የወልቅፊት ምሽግ እጁን ሰጠ፤ ኅዳር 18 ቀን ጎንደር ራሷ ነጻ ወጣች፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠ። ወራሪው በሊማሊሞ ገደል ላይ ለራሱ የጠረገው መንገድ ለባለቤቱ ሆነ። በናፍጣ የሚሄደው የፊያት 634 ካሚዮን፥ ትሬንታኳትሮ የሚሉት፥ የዚያ ዘመን መኪና ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1968 ዓ.ም ገደማ ቦሽ ቪኢ የተባለውን አከፋፋይ ፖምፓ አወጣ። በዚህ አንዲት ፒስተን እየዞረች ለሁሉም ሲሊንደር ታካፍላለች፤ ስለ ቀለለም ለፒክአፕ ተስማማ። የቶዮታ ሀይሉክስ ቱኤል፥ ስሪኤልና ፋይቭኤል ሞተሮች በእርሱ ከበሩ። ኮምፒውተር አይሻም። ናፍጣ አልቆ አየር ቢገባበት ሾፌሩ በፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ይጫናል፤ የኖዝሉን ቱቦ በ17 ቁልፍ ላላ ያደርጋል፤ ሞተሩን በማስነሻው እያዞረ፥ አየሩ ተንፍሶ ናፍጣው ሲፈስ አጥብቆ ያስነሳል። እጅ የሚሠራውን ሥራ እጅ ሊያውቀው ይገባል! መኪናው ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ታየ የሚሉ አሉ፤ አየሩ ስለሳሳ ነው።

በ1988 ዓ.ም የጃፓኑ ዴንሶ ኮመን ሬል የተባለውን ሥርዓት በሂኖ ካሚዮን ላይ፥ በ1990 ዓ.ም ቦሽ በአልፋ ሮሜዮ 156 ላይ አወጡ፤ ለሀይሉክስም ደረሰ። የድሮው የሀይሉክስ ኖዝል ከ100 እስከ 160 ባር ባለ ግፊት ይከፈት ነበር፤ አዲሱ ግን ከ1,300 ባር በላይ በአንድ የጋራ ቱቦ አምቆ ይይዛል፥ ኮምፒውተሩም በአንድ ዑደት ደጋግሞ ይረጫል። እውነት ለመናገር ድምፁ ለስላሳ፥ ጭሱ ጥቂት፥ ናፍጣውም ቁጥብ ነው። ነገር ግን ውኃና ቆሻሻ ያለበትን ናፍጣ አይታገሥም፤ ኖዝሉም ያለ መፈተሻ ማሽን አይጠገንም።

ዛሬ ወጣቶቹ መካኒኮች ኮምፒውተሩን አንብበው የተበላሸውን ሴንሰር ይለያሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የፋይቭኤል ፖምፓ አየር ሲይዝ ግን አሁንም የሚፈለገው ያው የ17 ቁልፍ ነው።