ጌሚፊኬሽን በአየር ብክለት ልኬት

ጌሚፊኬሽን ማለት ነጥብ፣ ደረጃ፣ ሽልማትና የቡድን ውድድርን የመሳሰሉ የጨዋታ ባሕርያትን ጨዋታ ላልሆነ ሥራ መጠቀም ነው። በአየር ብክለት ልኬት ላይ ሲውል ዓላማው ነዋሪዎች የሰፈራቸውን አየር በርካሽ ሴንሰር በየጊዜው እንዲለኩና ውጤቱን እንዲያጋሩ ማበረታታት ነው።

የሚለካው ነገር

ብዙውን ጊዜ የሚለካው ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ስለማይበልጥ ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል፤ የልብና የሳንባ በሽታዎችንም ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም።

ርካሽ ሴንሰር አየሩን በትንሽ ማራገቢያ ይስብና የሌዘር ብርሃን ያሳልፍበታል። ብናኙ ከሚበትነው ብርሃን ተነሥቶም መጠኑን ይገምታል። እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውኃ ይዞ ስለሚያብጥ ንባቡ ከእውነቱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሴንሰሩን አስቀድሞ ከትክክለኛ መሣሪያ አጠገብ አስቀምጦ ማነጻጸርና ማረም ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ

በከተማዋ ለደቃቁ ብናኝ ዋና ዋና ምንጮች ተሽከርካሪዎች፣ የማገዶና የከሰል ጭስ እንዲሁም የአፈር አቧራ ናቸው። የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግቢውና በአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የተተከሉ መለኪያዎችን ውጤት በየሰዓቱ ለሕዝብ ሲያሳይ ቆይቷል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ግን በመጋቢት ወር 2025 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም ከኤምባሲዎቹ የሚተላለፈውን መረጃ አቋረጠ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በጥቁር አንበሳ ግቢ ልኬት አካሂደዋል።

እነዚህ ሦስት ቦታዎች የሚገኙት በሰሜን፣ በደቡብ ምዕራብና በመሀል ከተማ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ ያለው ቦሌ ቡልቡላ ከሁሉም ይርቃል። በግንባታና በአቧራማ መንገድ አጠገብ ያለ ሰው የሚተነፍሰውን አየር በሩቅ የተተከለ መሣሪያ ሊያሳይ አይችልም። የነዋሪዎች ልኬት የሚጠቅመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በ2013 እ.ኤ.አ. በለንደን፣ በአንትወርፕ፣ በካሰልና በቱሪን የተካሄደው «ኤርፕሮብ» ውድድር ሁለት ሥራዎችን አጣምሮ ነበር። አንዳንዶቹ ተሳታፊዎች ሴንሰር ይዘው በከተማው ሲዞሩ፣ ሌሎቹ በኢንተርኔት ጨዋታ የየቦታውን ብክለት ይገምቱ ነበር። መጀመሪያ ላይ ብክለቱን አጋነው የገመቱት ተጫዋቾች ቀስ በቀስ ወደ እውነቱ ቀርበዋል።

የድሮ መርከቦችን የአየር ጠባይ መዝገብ በበጎ ፈቃደኞች ያስገለበጠው «ኦልድ ዌዘር» ደግሞ ብዙ ለሠራ ሰው የካፒቴንነት ማዕረግ ይሰጥ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ውድድሩ አንዳንዶቹን ሲያነሣሣ ሌሎቹን አርቋል።

የአሠራር ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ነጥብ የሚሰጠው በልኬት ብዛት ብቻ ከሆነ ተጫዋቹ ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀስ ደጋግሞ ይለካል። ከፍተኛ ቁጥር የሚሸለም ከሆነም ሴንሰሩን ከከሰል ምድጃ ወይም ከዕጣን ማጨሻ አጠገብ ማስቀመጥ ያጓጓል፤ ነጥብ ፍለጋ ጭስ ውስጥ መቆምም ለጤና ጎጂ ነው። ስለዚህ ሽልማቱ ለትክክለኛ አቀማመጥ፣ ላልተለኩ ቦታዎችና ከጎረቤት ሴንሰር ጋር ለተነጻጸረ ውጤት ቢሆን ይሻላል።

ሳያቋርጡ ለሚለኩ ብቻ ነጥብ መስጠት መብራት ወይም ኔትወርክ የጠፋበትን ሰው ያለጥፋቱ ይቀጣል። ሴንሰሩ ንባቡን ይዞ ቆይቶ በኋላ እንዲልክ ማድረግ ይህን ያቃልላል። የተሳታፊው ቤት እንዳይታወቅም በካርታው ላይ ትክክለኛው ነጥብ ሳይሆን አካባቢው ብቻ ይታያል።

እንደ ቦሌ ቡልቡላ ባሉ ሰፈሮች ቡድኖቹን በትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበባት፣ በኮንዶሚኒየም ማኅበራት ወይም በእድር ማደራጀት ይቻላል። ውጤቱ ለወረዳው ቀርቦ መልስ ሲያገኝ ነዋሪው ከነጥብ የሚበልጥ የመሳተፍ ምክንያት ይኖረዋል።