ከደጋን እስከ ምንሽር፦ የተራራ አደን ጠመንጃ ስሞችና ግሶች

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የደጋን ከተማ የስም ሞክሼ የሆነ ዕቃ አላት። ደጋን ጅማት የተወጠረበት ጎባጣ እንጨት ነው፤ አዳኙ ፍላጻ ይሰድበታል፣ ባለ እጁ ጥጥ ይነድፍበታል። ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ግን ከስሙ ይልቅ ግሱ ይጠቅማል። በግእዝ «ነደፈ» ማለት በፍላጻ ወጋ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ ንብ ትነድፋለች፣ ጥጥ ይነደፋል፣ የሕንፃ ንድፍ ይነደፋል። ደጋኑ ከአዳኙ እጅ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ግሱ ግን ሥራ አልፈታም።

ይህን ያነሣነው «ለተራራ አደን የሚሆን ክብደቱ ያነሰ ጠመንጃ እንዴት ይመረጣል?» የሚል የባዕድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ የሚገጥመውን ችግር ለመመርመር ነው። ነገሩ ሲታይ የዋህ ይመስላል። ሆኖም ጽሑፉ የሚሻቸውን ቃላት አንድ በአንድ ብንፈትሽ አብዛኞቹ አስቀድመው በሌላ ሥራ ተይዘው እናገኛቸዋለን፤ ማን እንደያዛቸው የሚነግረን ደግሞ የመሣሪያው ታሪክ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ነፍጥ ነው። ቃሉ በዐረብኛ የማዕድን ዘይት ስም ነበር፤ በግብፅ በመምሉኮች ዘመን ባሩድንና በባሩድ የሚተኮሰውን መሣሪያ ወደ መጥራት ተሻገረ። ወደ እኛ የደረሰው በዚህ በኋለኛው ትርጉሙ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኢማም አሕመድ ጦርነትና እ.ኤ.አ. በ1541 ዓ.ም. በክሪስቶፎሮ ደጋማ መሪነት በመጡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ጊዜ፣ ነፍጥ በሀገራችን የጦርነት ዕጣ መወሰን ጀመረ። ይሁን እንጂ ነፍጠኛ የሚለው ውላጁ ከመሣሪያ ተሸካሚነት ወደ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ስምነት ስለዞረ፣ ዛሬ ነፍጥን በአደን መምሪያ ውስጥ ያለ ሌላ ድምፀት መጠቀም አይቻልም። በእኛ አስተያየት ይህ በር ተዘግቷል።

ጠመንጃ፣ በሌላ አጠራሩ ጠበንጃ፣ ከቱርኮች «ታባንጃ» የመጣ ነው። በቱርክ ቋንቋ ግን ታባንጃ የእጅ ሽጉጥ እንጂ ረጅሙ መሣሪያ አይደለም። አማርኛ የአጭሩን ስም ለረጅሙ ሰጠና ለአጭሩ «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ ሽጉጥ የሚል የራሱን ቃል ወለደ። በኮሚቴ ተመክሮበት ቢሆን ከዚህ የተሻለ ስያሜ ይገኝ ነበር ብለን አንገምትም።

ወሎ በዚህ ታሪክ ውስጥ የዳር ተመልካች አይደለችም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1868 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር፣ በአሮጌ ሜዳ፣ የእንግሊዝ ጦር ከኋላው በሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት መታ። ሰናድር የሚለው ስማችን ይህንኑ መሣሪያ የሚጠራ ነው። ከዚያ በኋላ ስሞቹ በሻጭና በሠሪ እየተጠሩ ተከታትለው ገቡ። የፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» ውጅግራ ተባለ። የቤልጅጉ ጠመንጃ በሀገሩ ስም ቤልጅግ ሆነ፤ የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር ተባለ፤ የፈረንሳይኛው «ሚትራየዝ» መትረየስ ሆኖ ቀረ። ባለቅኔው አርተር ሬምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ዓ.ም. ከታጁራ በአፋር በረሃ አቋርጦ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው 2,000 ገደማ ጠመንጃ በአውሮፓ ዘመኑ ያለፈበት ዓይነት ነበር። እንዲህ ባለው ንግድ ስሙ ከዕቃው ጋር ተጭኖ ይመጣል፤ ገዢው ስም ለማውጣት ፋታ የለውም። በሁለተኛው ዓመት ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ውጫሌ የተፈረመው ውል፣ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለው በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ በመገኘቱ ለጦርነት ምክንያት መሆኑን ለተርጓሚዎች ማስታወስ አያሻንም፤ የጠመንጃና የትርጉም ታሪክ በአንድ አውራጃ መገናኘታቸውን ግን ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም።

የጠመንጃ መቅለል ታሪክ የሚጀምረው ከባሩዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ዓ.ም. የተሠራው ውጅግራ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ የሚበልጥ ነበር፤ ጥቁሩ ባሩድ ጥይቱን በፍጥነት ለመስደድ ኃይል ስለሚያንሰው ጉልበቱ የሚገኘው ከእርሳሱ ክብደት ነበርና። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. ጭስ አልባውን ባሩድ ካገኘ ወዲህ ቀጭን ጥይት በከፍተኛ ፍጥነት መወርወር ተቻለ፤ የአፈሙዙ ስፋትም በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 8፣ ቆይቶም ወደ 6.5 ሚሊሜትር ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. የወጣው ማንሊኸር ሾናወር፣ 6.5 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርሰው አጭሩ ዓይነት፣ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝን ስለነበር በተራራ አዳኞች ዘንድ ስሙ ገነነ። ምንሽር ብለን የምንጠራው የወታደሩ ጠመንጃ የዚህ የአዳኞች መሣሪያ የሥጋ ዘመድ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው በየጥይቱ መቀርቀሪያው የሚሳበውን ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ስለሚለው፣ ቃሉ ለአንዱ ዓይነት መለያ መሆኑ ቀርቷል።

ስሞቹ እንዲህ ባዕዳን ሲሆኑ ግሶቹ ሁሉ የቤት ልጆች ናቸው። ጠመንጃ እንደ ሰው ይጎርሳል፤ የሚያጎርሰውም ባለቤቱ ነው። «አነገተ» ከአንገት የወጣ ነው። «ተኮሰ» ቁስል ከሚተኩሰው ብረት የተወሰደ ሲሆን የጥንቱ ጠመንጃ በእሳት ይለኮስ እንደነበር ያስታውሳል። አፈሙዝ ራሱ አፍ አለው። ከዚህ የተነሣ ስለ ጠመንጃ አመራረጥ የሚተረጉም ሰው ከስም ይልቅ በግስ ቢጀምር መንገዱ ይቀናዋል። መሣሪያው ምን ያህል ይመዝናል ከማለት አስቀድሞ ቀኑን ሙሉ ይነገታል ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ የአዳኙም ጥያቄ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት እንመጣለን። «ቀላል ጠመንጃ» ቢባል አንባቢው ምን ይረዳል? ቀላል የማያስቸግርም፣ የማይረባም፣ ክብደት የሌለውም ነው። በመሣሪያ ቋንቋ ደግሞ ቃሉ በምድብነት ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው የባለሙያዎች ዘገባ በሰው እጅ የሚያዘውን ጠመንጃ «አነስተኛ» ከሚለው ክፍል አግብቶ፣ «ቀላል» በሚለው ሥር ከባድ መትረየስንና ከ100 ሚሊሜትር በታች የሆነ ሞርታርን መድቧል። ስለዚህ በፈቃድ ማመልከቻ ላይ «ቀላል መሣሪያ» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ ለሰስ አደን የታሰበውን ጠመንጃ ከሞርታር ጋር አንድ ረድፍ አሰልፎታል። «የተራራ ጠመንጃ» የሚለውም አይሻልም፤ የተራራ መድፍ ተፈታትቶ በበቅሎ የሚጫን የጦር መሣሪያ ነውና ሐሳብን ወደ ባትሪ ይወስዳል።

ከዚህ የከፋ ስሕተትም አለ። ክብደቱ ያነሰ ጠመንጃ ጥይቱ ደካማ የሆነ ጠመንጃ ማለት አይደለም። ያው ጥይት ከቀለለ ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻን አብልጦ ይገፋል፤ አፈሙዙ ካጠረ ድምፁ ይበረታል፣ የጥይቱም ፍጥነት በመጠኑ ይቀንሳል። ጥሩ መምሪያ አዳኙን ከዚህ ልክ ጋር ያስማማዋል። «ቀላል» የሚለውን ቃል «ጉልበተ ቢስ» ብሎ የተረዳ አንባቢ ግን ለእንስሳው የማይመጥን ጥይት ይዞ ገደል ይወጣል። የቆሰለ ሰስም ሰው በማይደርስበት ቋጥኝ ላይ ሲማቅቅ ይቀራል።

የአደን ቃላታችን ራሱ የቆላ ነው። ግዳይ የሚቆጠረው በዝሆን፣ በአንበሳ፣ በጎሽና በአውራሪስ ስለነበር ክብር የሚሻው ሰው ወደ ቆላ ይወርድ ነበር፤ ደሴን የከበበው ደጋ ላይ ሰስ ወይም ሚዳቋ የገደለ ሰው የሚፎክርበት ቋንቋ አልተደረጀለትም። ስለዚህ ግዳይን ገና ላልተገደለ እንስሳ መስጠት አይገባም። አውሬም ቢሆን ነብርንና ጅብን ያስቀድማል። «የደጋ ታዳኝ እንስሳ» ማለትን እንመርጣለን። የደጋ አጋዘን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. በሻለቃ አይቮር ባክስተን ተገድሎ በ1910 በሪቻርድ ሊደከር ለሳይንስ የተገለጸው፣ ስሙን ያገኘው በዚሁ ሥርዓት ነው። ዋልያ ግን መታደን የተከለከለ ስለሆነ በታዳኝ ዝርዝር ውስጥ በምሳሌነትም ቢሆን ሊገባ አይገባም፤ ከባዕድ መጻሕፍት የተራራ ፍየል አደንን የሚመልሱ ተርጓሚዎች ይህን ልብ ይበሉ።

ለቀረው ጥያቄ መልሱን ቋንቋው ራሱ አስቀምጦልናል። ልበ ቀላል፣ እጀ ረጅም፣ አፈ ጮሌ እንደምንል ሁሉ «ክብደተ ቀላል» ማለት ይቻላል። «ክብደት» ሲቀድም «ቀላል» ወደ ማይረባነትም ሆነ ወደ ሞርታር ምድብ ለመሸሽ ቦታ አያገኝም። «ቀሊል» የሚለውን ግእዝ እንዳለ እናንሣ የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ጠመንጃ የሚያነግተው ሰው ግን ቃሉን በቤተ ክርስቲያን እንጂ በተራራ ላይ አልሰማውም። እንግዲህ የመምሪያው ርእስ «ለደጋ አደን የሚሆን ክብደተ ቀላል ጠመንጃ አመራረጥ» ይሁን። ከሥሩም የጠመንጃው ክብደት በኪሎግራም፣ የጥይቱ ስፋት በሚሊሜትር፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ይጻፍ፤ ሁለቱን «ቀላል» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ከእንግዲህ ይቅር።