ከቦሌ የሚጫነው ብርሃን፦ አምፖል ለተክል ሰዓት ነው ወይስ ምግብ?

ፈረንጅ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ሲሰማ ግራ ይገባዋል። ለእኛ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ገደማ፣ ስትጠልቅም 12 ሰዓት ገደማ። ይህ የሚያስኬደው አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ነው። ከዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። አምስተርዳም ላይ ግን የሰኔ ቀን ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል፤ የታኅሣሥ ቀን ደግሞ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ይህ ልዩነት ገንዘብ ነው። ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከዝዋይ የተቆረጠ አበባ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይገባና በጭነት አውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ይህን ያህል ፀሐይ ባለበት አገር፣ በአንዳንዶቹ እርሻዎች ሌሊት አምፖል ይበራል። ለምን?

መልሱን ለማግኘት ሳይንቲስቶች ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ደግሞ ጥያቄው ወደ ቤታችን እየመጣ ነው። «ይህን መብራት ግዛ፣ በዚህ ዋት ይህን ያህል ኪሎ ታመርታለህ» የሚል ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እውነቱን ለመለየት ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ተክል ሌሊቱን ይቆጥራል

በ1912 ጁልየን ቱርኗ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ ሆፕስንና ካናቢስን ያጠና ነበር። ሆፕስ ለቢራ መራራ ጣዕም የሚሰጠው ተክል ነው፤ የፈረንጅ ጌሾ ልንለው እንችላለን። ካናቢስ ደግሞ እኛ ዕፀ ፋሪስ የምንለው ነው፤ በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ለገመድና ለጨርቅ ቃጫው ይፈለግ ነበር። ቱርኗ ያየው ነገር አስገራሚ ነበር፤ በክረምት በመስታወት ቤት ውስጥ የተዘሩት ገና ትንንሽ ሳሉ አበቡ። ሙቀት አልነበረም ምክንያቱ፤ አፈርም አልነበረም። ነገሩ የቀኑ ማጠር፣ ይልቁንም የሌሊቱ መርዘም መሆኑን በ1914 ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሞተ፤ ሥራው ሳያልቅ ቀረ።

ታሪኩ በአሜሪካ ቀጠለ። ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት የግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በጋውን ሙሉ እያደገ የማያብብ የትንባሆ ዝርያ አስቸገራቸው። በ1918 መስኮት የሌላት ቤት ሠርተው ትንባሆውን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እያስገቡ ቀኑን አሳጠሩበት። ትንባሆው አበበ። ውጤቱን በ1920 አሳተሙት። በ1938 ደግሞ ሃምነርና ቦነር አንድ የአረም ዓይነት ይዘው ረጅሙን ሌሊት ለአጭር ጊዜ መብራት በማብራት አቋረጡት፤ አረሙ ማበቡን ተወ። ቱርኗ ልክ ነበር፤ ተክል የሚቆጥረው ሌሊቱን ነው።

በእኛ እርሻ ያለው አምፖል

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አበባ ወደ ውጭ መላክ በደርግ ጊዜ በመንግሥት እርሻ ተሞክሯል። የግል እርሻዎች በ1990ዎቹ ጀመሩ፤ ከ2000 በኋላ መንግሥት መሬትና ብድር ሲያመቻች ዘርፉ በፍጥነት አደገ። ዋናው ምርት ጽጌረዳ ነው። ጽጌረዳ ደግሞ ስለ ሌሊቱ ርዝመት ብዙም ግድ የለውም፤ የእኛ የ12 ሰዓት ቀን ይበቃዋል።

ጂፕሶፊላን የመሰሉ ግን ረጅም ቀን ካላገኙ በደንብ አያብቡም። የእኛ ቀን በዓመት አንዴም 13 ሰዓት አይሞላም። ታዲያ ምን ይደረጋል? ሌሊት አምፖል ይበራላቸዋል። የክሪሳንቲመም እናት ተክል ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከእሷ ችግኝ እየተቆረጠ እንዲሸጥ ማበብ የለባትም፤ ስለዚህ መብራቱ ሌሊቷን ያሳጥርባታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ መብራት በጣም ደካማ ነው። ከቀትር ፀሐይ ሺህኛ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ ምክንያቱም ተክሉን አይመግበውም። ሥራው «ገና አልመሸም» ብሎ መንገር ብቻ ነው። ማለትም አምፖሉ ሰዓት ነው።

«ግራም በዋት» ከየት መጣ?

አምፖልን ምግብ ማድረግ ሌላ ታሪክ ነው። በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሊስ በሄሊኮፕተር የካናቢስ ማሳ ማሰስ ሲጀምር፣ ብዙ አብቃዮች ፀሐዩን ትተው ቤት ውስጥ ተደበቁ። ፀሐይን የተኩት በየመንገዱ ብርቱካናማ ብርሃን በሚሰጡት የሶዲየም መብራቶች ነበር። የቀን ርዝመትን ነገር ያውቁት ነበር፤ ለማሳደግ 18 ሰዓት፣ ለማስበብ 12 ሰዓት ያበሩ ነበር። ዋናው ወጪያቸው መብራት ስለሆነ ምርታቸውን በዋት መለካት ጀመሩ፤ «ከአንድ ዋት አንድ ግራም» ማለት ጥሩ አብቃይ ማለት ሆነ። የመብራቱ ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ2012 ኢቫን ሚልስ የተባለ ተመራማሪ ሲገምት፣ በአሜሪካ ቤት ውስጥ የሚበቅለው ካናቢስ የአገሪቱን ኤሌክትሪክ 1 በመቶ ያህል ይበላል አለ። (በአገራችን ካናቢስ ማምረት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው። እኛን የሚመለከተን ስሌቱ ነው፤ ዛሬ ለሰላጣና ለቲማቲም መብራት የሚሸጡትም ይህንኑ ልማድ ወርሰዋል።)

የዚህ መለኪያ ችግሩ ምንድን ነው? ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጊዜን አይቆጥርም፤ በሁለት ወር የተገኘ ግራምና በአራት ወር የተገኘ ግራም እኩል ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ዋት የሚነግረን አምፖሉ ስንት እንደሚበላ ነው፤ ለተክሉ ስንት እንደሚሰጥ አይነግረንም።

ብርሃንን መቁጠር

በ1972 ኪት ማክሪ የተባለ በቴክሳስ የሚሠራ ሳይንቲስት 22 የተክል ዝርያዎችን ወስዶ ቅጠላቸው በየቀለሙ ብርሃን ምን ያህል ፎቶሲንተሲስ እንደሚሠራ ለካ። ከእሱ ሥራ በኋላ ለተክል የሚታሰበው ብርሃን በፎቶን ቁጥር መለካት ተለመደ። ፎቶን የብርሃን ቅንጣት ነው። እጅግ ብዙ ስለሆነ በሞል እንቆጥረዋለን፤ አንድ ሞል ማለት ከ6 ቀጥሎ 23 ዜሮ እንደማለት ነው። በሉክስ ወይም በሉመን መለካት ግን ያሳስታል፤ እነዚህ የተሠሩት ለሰው ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን ደግሞ ለአረንጓዴ ያደላል።

ስለዚህ የአምፖል ብቃት ማለት በአንድ ጁል ኤሌክትሪክ ስንት ማይክሮሞል ፎቶን ይሰጣል ማለት ነው። በ2014 ኔልሰንና ባግቢ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሲለኩ ምርጡ የሶዲየም መብራትና ምርጡ ኤልኢዲ እኩል ነበሩ፤ ሁለቱም 1.7 ገደማ። ከዚያ ወዲህ ኤልኢዲ ገስግሶ ጥሩ ጥሩዎቹ ከ3 አልፈዋል። አምፖል ስትገዙ የምትጠይቁት ይህን ቁጥር ነው። ሻጩ «የ1000 ዋት ያህል» ካላችሁ፣ በትክክል ከሶኬት ስንት ዋት እንደሚስብ ጠይቁት፤ አንዳንዴ 100 ዋት ብቻ ሆኖ ይገኛል።

እስኪ እናስላው

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር መደርደሪያ ላይ ሰላጣ ለማብቀል አሰብን እንበል። ሰላጣ በቀን 15 ሞል ብርሃን ይበቃዋል። መካከለኛ ኤልኢዲ፣ 2.5 ማይክሮሞል በጁል፣ ይኑረን።

15 ሞልን ለ2.5 ማይክሮሞል ስናካፍል 6 ሚሊዮን ጁል ይመጣል፤ ይህ በቀን 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 50 ገደማ ነው። በወር የሚያርፍበት ብርሃን 450 ሞል ይሆናል። ለግምት፣ ከአንድ ሞል ግማሽ ግራም ደረቅ ክብደት ይወጣል እንበል፤ 225 ግራም። ሰላጣ 95 በመቶ ውኃ ስለሆነ ትኩሱ 4.5 ኪሎ ይመዝናል። ግን ይህ ጣሪያው ነው። ችግኙ ትንሽ ሳለ ቦታውን ስለማይሸፍን ብዙ ብርሃን ይባክናል፤ ጀማሪ ግማሹን ካገኘ ጥሩ ነው።

አሁን ከሰዓቱ አምፖል ጋር አወዳድሩት። ጂፕሶፊላን ለማታለል 2 ማይክሮሞል በሰከንድ ለ4 ሰዓት ቢበራ፣ በካሬ ሜትር በቀን የሚወስደው 3 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሰላጣውን መመገብ ከዚህ 500 እጥፍ በላይ ይበላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አዲስ አበባ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር በአማካይ በቀን 40 ሞል ገደማ ብርሃን ከሰማይ ይወርዳል። በታኅሣሥ ሆላንድ 5 ሞል እንኳ አይሞላም። የሆላንድ አብቃይ በክረምት አምፖል የሚያበራው ቸግሮት ነው፤ እኛ እሱን መቅዳት የለብንም። ገና ብዙ ቤት መብራት ባልገባበት አገር፣ በነፃ የሚመጣውን በኤሌክትሪክ መተካት ኪሳራ ነው።

ገርጂም ሆነ ሲኤምሲ ብትኖሩ፣ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት በረንዳችሁ ወዴት እንደሚዞር እዩ። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ ቀጥተኛ ብርሃን ያገኛል። በግንቦትና በሰኔ ግን ፀሐይ አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ሳጥኑን አብራችሁ ማዞር ነው። አምፖል የሚያስፈልገው ችግኝ ለማፍላት ወይም ጨለማ ክፍል ብቻ ላለው ሰው ነው፤ ያኔም በሞል እያሰላችሁ።

ሌሊት ከቦሌ አበባ ጭኖ የሚነሳው አውሮፕላን አንድ ነገር ያረጋግጣል። አውሮፓውያን አበባውን በአምፖል ከማብቀል ይልቅ ያን ሁሉ መንገድ በአየር ማስመጣቱ ያዋጣቸዋል። ለዚህ ርካሽ ጉልበትና መሬት ድርሻ አለው፤ ፀሐያችንም ድርሻ አላት።