ለብራናው የታመኑ ምእመን፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ስናስታውስ

ኢትዮጵያ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ያጣቻቸው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ቆስለው ለሕክምና ከአገር ሲወጡ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በዘጠና ዓመታቸው ኒው ዮርክ ላይ ሲያርፉ። ሁለተኛው ለሁሉም የተጻፈ የፈጣሪ ጥሪ ነው። የመጀመሪያው ግን የእኛው የእጅ ሥራ ስለሆነ፣ ስለ እርሳቸው በተነሣ ቁጥር አብሮ መነሣት ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ የሽልማታቸውን ዝርዝር ለመደርደር አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት መቀበላቸውን፣ የብሪታንያ አካዳሚም በአባልነት እንዳከበራቸው ብዙዎች ጽፈውታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። አጥባቂ የተዋሕዶ ምእመን የነበሩት እኚህ ሰው፣ የሚወዷትን ቤተ ክርስቲያን የሚያስከብረውንም የሚያሳፍረውንም ሰነድ በእኩል ጥንቃቄ አንብበው አሳትመዋል። ታሪክ የክስ መዝገብ በሆነበት በዛሬው ዘመን ይህ ጠባያቸው ከማዕርጋቸው ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል።

በ1923 ዓ.ም. በጠበሉ በሚታወቀው በሸዋ፣ ሸንኮራ ተወለዱ። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወደ አዲስ አበባው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ካይሮ ተሻገሩ። እዚያም በአንድ በኩል በቅብጦች የነገረ መለኮት ኮሌጅ፣ በሌላ በኩል በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1957 ከሁለቱም ተመረቁ። በ1962 ደግሞ ጀርመን አገር ከሚገኘው ከቲዩቢንገን ዩኒቨርሲቲ በሴማውያን ቋንቋዎች የዶክትሬት ማዕርግ ይዘው ተመለሱ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ያስተምሩ ጀመር። የአባቶችን ንባብና የአውሮፓውያንን የጽሑፍ ምርመራ ስልት አንድ ላይ የያዘ ሰው በዚያ ዘመን በጣት የሚቆጠር ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ደርግ ባቋቋመው የመማክርት ጉባኤ ውስጥ አባል ነበሩ። ያመኑበትን ደፍረው ይናገሩ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች ሊይዟቸው ወደ ቤታቸው መጡ። በዚያ ተኩስ አከርካሪያቸው ተመታ። ከእንግሊዝ አገር ሕክምና በኋላም እግራቸው አልተመለሰም፤ ቀሪውን ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አሳለፉ። ሊያማክረኝ ይችላል ብሎ በጉባኤ ያስቀመጠውን ሊቅ በገዛ ቤቱ የሚተኩስበት መንግሥት ምን ዓይነት ምክር ይፈልግ እንደነበር አንባቢ ይፍረድ።

ጥይቱ የመታው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ሚስትና ልጆችም አብረው ተሰደዱ፤ ኑሮን በበረዷማዋ ሚኒሶታ እንደገና ከመሠረቱ ጀመሩት። ያን ጊዜ ገና ሕፃን የነበረችው ልጃቸው ርብቃ ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ አገሯን ልታይ ተመልሳ የጉዞዋንና የቤተሰቧን ታሪክ በእንግሊዝኛ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትማለች። በስደት ያደገ ልጅ የአባቱን አገር በመራራነት ሊያስበው በቻለ ነበር። ያ ቤተሰብ ግን ልጁን ኢትዮጵያን ፈልጎ እንዲሄድ አድርጎ አሳደገ። ይህ በየትኛውም መዝገብ የማይገባ የአባትነት ሥራ ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ ያስጠጋቸው የቤኔዲክታውያን ካቶሊክ መነኮሳት ገዳምና ዩኒቨርሲቲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የአብያተ ክርስቲያናቱንና የገዳማቱን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር፣ የፊልሙ ቅጂ ከሚቀመጥባቸው ቦታዎች አንዱ በዚያ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ነበር። ፓትርያርኩን ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ እ.ኤ.አ. በ1979 ገደላቸው። ፊልሙ ግን ተረፈ፤ ደርግ አካላቸውን የሰበረው ሊቅም የፊልሙ አንባቢ ሆኑ።

የዚህ ሥራ ድካም ከውጭ ለሚያይ አይገለጥም። አንድ ብራና ርእሱ የማይታወቅ፣ መጀመሪያው የተቀደደ፣ ጸሐፊው ስሙን ያልተናገረ ሊሆን ይችላል። መርማሪው ዘመኑን ከፊደሉ አጣጣል ይገምታል፤ በጸሎቱ ውስጥ የተጠራውን የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ይፈልጋል፤ በኅዳጉ ላይ የተጻፈውን የርስት፣ የስጦታና የውል ማስታወሻ ይለቅማል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ይህን በሺህ ለሚቆጠሩ መጻሕፍት አደረጉት። ከአሥሩ የካታሎግ ጥራዞች ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት፣ አንዳንዱ ከባልደረባቸው ከዊልያም ማኮምበር ጋር የተዘጋጀ ቢሆንም፣ የእርሳቸው እጅ ያረፈባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው አሥረኛው ጥራዝ ዝርዝሩን እስከ 5000ኛው መጽሐፍ አድርሶታል።

ከላይ ወዳነሣሁት ጠባያቸው ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ታላቅ ስም አለው፤ ደራሲ፣ የእመቤታችን ወዳጅ፣ ሥርዓት ደንጋጊ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው የንጉሡን “ጦማረ ትስብእት” ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አሳትመዋል፤ ስለ ነገረ ማርያም ትምህርቱም ሌላ መጽሐፍ ጽፈዋል። ንጉሡን ከእርሳቸው የበለጠ ያነበበው ሰው ጥቂት ነው።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ “ደቂቀ እስጢፋኖስ፤ በሕገ ልቡና” የተባለውን መጽሐፍ በአማርኛ አወጡ። በዚህ ውስጥ የሚናገሩት ያው ንጉሥ ያሳደዳቸው መነኮሳት ናቸው። ከትግራይ የተነሡት የአባ እስጢፋኖስ ልጆች ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለመስቀልና ለሥዕል፣ ለንጉሥም አንሰግድም አሉ። መልሱ እስራት፣ ግርፋት፣ አካል መቁረጥና ውግረት ሆነ። ከውግረቱ በኋላ በሰማይ የታየውን ብርሃን ንጉሡ የእግዚአብሔር ምስክርነት አድርጎ ተቀበለው፤ የደብረ ብርሃን ስም ከዚያ እንደ መጣ ዜና መዋዕሉ ይተርካል። ስሟን በፍቅር የምንጠራት ከተማ ከስሟ በስተጀርባ ይህን ያህል ሥቃይ አለ።

“አንድ ምእመን የቤተ ክርስቲያኑን ገመና ለምን አደባባይ ያወጣል?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ቅን ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። ያን ገድል ጽፈው፣ ገልብጠው፣ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ለዘመናት የጠበቁት የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው የውጭ ክስ አላመጡም፤ በራሳችን ዕቃ ቤት የተቀመጠውን የራሳችንን ድምፅ አነበቡልን። የንጉሡን ቃል ካተመ እጅ የተበዳዮቹም ቃል መውጣቱ ሃይማኖታቸውን አላናጋውም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተዋሕዶ ነበሩ።

የጻፉት ሁሉ የማያከራክር ነበር ማለቴ አይደለም። በተለይ የአባ ባሕርይን ድርሰቶች ኦሮሞዎችን ከሚመለከቱ ሌሎች ሰነዶች ጋር ማሳተማቸውና በፖለቲካ ጉዳይ የሰነዘሯቸው አስተያየቶች ከብዙዎች ጋር አከራክረዋቸዋል፤ እኔም በሁሉም አልስማማም። ነገር ግን ግእዙን ከትርጉሙ ጋር ለሚያስቀምጥ ሰው መልስ መስጠት ይቻላል፤ ተከራካሪው ያንኑ ገጽ ገልጦ “እዚህ ላይ ተሳስተዋል” ሊል ይችላል። ዛሬ በየመድረኩ የምንሰማው ታሪክ ግን ምንጩ የማይጠየቅ፣ የራስን ወገን በደል የሚዘልና የሌላውን ብቻ የሚቆጥር ነው። እንዲህ ያለውን በክርክር ማረም አይቻልም፤ ምክንያቱም የሚገለጥ ገጽ የለውም።

ያ ሁሉ ፊልም ዛሬ በአብዛኛው በኢንተርኔት ሊታይ ይችላል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ተማሪ የሸዋን ወይም የጎጃምን ብራና በሚኒሶታ በኩል ያነባል። ይህ ያስደስታልም፣ ያሳዝናልም። ግእዝ የሚያነብ፣ ያነበበውን ደግሞ ወገን ሳይለይ የሚናገር ትውልድ ካላፈራን ግን ፊልሙ ቢቀርብም መዝጊያው እንደ ተቆለፈ ዕቃ ቤት መሆኑ አይቀርም። ለፕሮፌሰር ጌታቸው የሚገባው መታሰቢያ ይህ ትውልድ ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአበው ጋር ይደምርልን። ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።