«ሞላ» እና «አሞርዛተር»፦ የአንድ ስያሜ መደባለቅ ታሪክ

በጋራዦቻችን የሚነገሩት የመኪና ክፍሎች ስሞች በብዛት ከኢጣልያንኛ የተወረሱ መሆናቸው የታወቀ ነው። «ጎማ»፣ «ፍሬን»፣ «ባሌስትራ»፣ «ሞላ» እና «አሞርዛተር» የዚሁ ውርስ ክፍሎች ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ያላቸውን ነገሮች ይሰይማሉ። ሞላ ሸክም ይሸከማል፤ ሲጫኑት ይታመቃል፤ ሲለቁት ይመለሳል። አሞርዛተር ግን ዘይትን በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ በማስገደድ የሞላውን ንዝረት ያረግባል። የኢጣልያንኛው ቃል ሥር ከ«ሞት» ጋር መዛመዱም ይህንኑ ተግባር ያመለክታል።

ይህ ልዩነት እንዴት እንደሚደበዝዝ ከአንድ የሩቅ አገር መሣሪያ ታሪክ መረዳት ይቻላል። በካናዳ፣ በኩቤክ፣ በቫልኩር ተወልዶ ያደገው ዦዜፍ አርማን ቦምባርዲዬ በ1934 እ.ኤ.አ. መንገዱ በአመዳይ በመዘጋቱ የታመመ ሕፃን ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ሳይችል ቀርቶ ልጁ ሞተበት። ቀደም ሲል የጀመረውን ሙከራ በመቀጠልም በ1937 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1942 ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1959 «ስኪ ዱ» የተባለውን ቀላል መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። የኩቤክ ፈረንሳይኛ ትልቁን «ኦቶኔዥ»፣ ትንሹን «ሞቶኔዥ» ብሎ ለይቶ ሰየማቸው። እኛም ሁለተኛውን «የአመዳይ ሞተር» ልንለው እንችላለን፤ «በረዶ» ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርና የረጋውን ውሃ ጭምር ስለሚያጠቃልል «አመዳይ» ይመረጣል።

የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች የብረት ሞላ ነበራቸው። ኋላ ግን ክብደት ለመቀነስ ሲባል በአንዳንዶቹ ላይ የታመቀ አየር ብረቱን ተካ። አየሩና ዘይቱ በአንድ አካል ውስጥ በመገኘታቸው ሁለቱም በአንድ ስም ተጠሩ፤ የስሕተቱም ምንጭ ይኸው ነው። መሣሪያው ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ጉድለቱ የአየሩ ነው፤ በሳሙና ውሃ ሲፈተሽ ከቫልቩ ወይም ከጎሚኒው አረፋ ይወጣል። ከፍታው ሳይጓደል መንጠሩን ባያቆም ግን ጉድለቱ የዘይቱ ክፍል ስለሆነ አየር መንፋት አይፈውሰውም።

ጉድለት የሚመስል ነገር ግን ጉድለት ያልሆነም አለ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 100 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ አየር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ በመለኪያው ላይ ወደ 84 ገደማ ይወርዳል፤ ያመለጠ አየር ግን የለም። እንዲሁም መንፊያው ሲገጠም ጥቂት አየር ወደ ቱቦው ስለሚገባ መለኪያው ቀድሞ ከነበረው ያነሰ ያሳያል። ስለዚህ አየሩ የሚለካው ኋላው ከመሬት ተነሥቶ፣ ሸክም ሳያርፍበት፣ በሚነዳበት ብርድ መሆን ይገባዋል።

ስለሆነም ሸክም ተሸካሚውን «የአየር ሞላ»፣ ዘይት ያዘሉን «ንዝረት አርጋቢ» ብለን እንድንለያቸው እናሳስባለን። «አሞርዛተር» ለጠቅላላው አካል መጠሪያነት ይቆይ፤ የለመደን ቃል ማባረር አያስፈልግም። ሆኖም ሁለት ሥራዎች አንድ ስም ብቻ ሲኖራቸው ባለሙያው ዘይት የሚሻውን በአየር ሊያክም ይነሣል።