ቅሉና ጠርሙሱ

ባለፈው መስከረም፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ የኖረ የልጅነት ጓደኛዬ ሶዶ መጣ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ አብረን ፊደል የቆጠርን ነን። የባንክ ደመወዝተኛ አቅሜ በፈቀደው መጠን እንግዳዬን ላክብር ብዬ፣ ደህና ከሚባል ሆቴል በረንዳ ላይ አስቀመጥኩትና ቀዝቃዛ ቢራ አዘዝኩ። እርሱ ጠርሙሱን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ። «ቦርዴ ቤት አትወስደኝም?» አለኝ።

አፈርኩ፤ ዞር ብዬም የሰማን ሰው እንዳለ ቃኘሁ። እርሱ ግን ድምፁን ሳይቀንስ ያወጋኝ ጀመር። በሚኖርበት አገር ከሱፐርማርኬት በደርዘን ተጭኖ የሚወሰደው የትልልቅ ፋብሪካ ቢራ ርካሽ ነው። ጣዕም እናውቃለን የሚሉት ሰዎች ግን ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ዋጋ ከፍለው፣ ትንንሽ ጠማቂዎች በትንሽ በትንሹ የሚያዘጋጁትን ይጠጣሉ። «ክራፍት ቢራ» ይሉታል። አንዳንዱ ደፍረስ ያለ፣ አንዳንዱ ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ማን እንደጠመቀውና ከምን እንደጠመቀው ይታወቃል፤ ቶሎ ካልተጠጣም ጣዕሙ ይለወጣል። «ይህማ ቦርዴ ነው!» አልኩ ሳላስበው። «እኔስ ምን አልኩህ?» አለኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጨዋታ ከተጫወትነው ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። በእነርሱ ዘንድ የእጅ ሥራው ውድ፣ የፋብሪካው ርካሽ ሆኗል። በእኛ ዘንድ ጠርሙሱ የክብር፣ ቅሉ የድህነት ምልክት ነው። በአንድ ጠርሙስ ቢራ ዋጋ ብዙ ጣሳ ቦርዴ ይገኛል። ይህ መገለባበጥ ከየት መጣ? የታሪክ ሊቅ አይደለሁም፤ ገንዘብ ቆጣሪ ነኝ። ሆኖም የተጓደለ ሒሳብ ሳላስታርቅ ማደር አይሆንልኝምና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።)

አስቀድሞ ስለ ቦርዴ። ቦርዴ በደቡቡ የአገራችን ክፍል በሰፊው የሚጠመቅ፣ ወፍራም፣ ነጣ ያለና ኮምጣጣ መጠጥ ነው። በእኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከበቆሎ ይሠራል። ጌሾ ስለማይገባበት ከጠላ ይለያል፤ አልኮሉም ዝቅተኛ ነው። ሥራው ግን እንደ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ አራት ቀን ያህል ይፈጃል። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ይጠነሰሳል። ከፊሉ በምጣድ ላይ ታምሶ እንኩሮ ይሆናል። ከብቅል ጋር ተደባልቆ ድፍድፍ ይደረጋል። ገንፎ ተገንፍቶ ይጨመርበታል። በመጨረሻ ተጠልሎ አንድ ሌሊት ያድርና ሲነጋ ለጠጪ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ለቀን ሠራተኛው መጠጥ ብቻ ሳይሆን ምሳም ነው። ለአራስም ወተት ይጨምራል እየተባለ ይሰጣል።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። እናቴ ቦርዴ ጠማቂ ነበረች። በልጅነቴ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የምጣዱ ጭስ ነበር። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተሳፈርኩበት የአውቶቡስ ገንዘብ ከቅሉ የወጣ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የመጠጥ ማዕረግ በአገራችን አዲስ አይደለም። በነገሥታቱ ግብር ላይ ጠጅ የመሳፍንትና የመኳንንት ነበረ፤ ጠላ ደግሞ የጭፍራውና የገበሬው። ወላይታ የራሱ ነገሥታት ያሉት አገር ሳለ በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ተሸነፈ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦናም ተማረኩ። ከጦሩ ኋላ ሹሙና ነፍጠኛው ሲሰፍር፣ የገዢው ገበታ የክብር መለኪያ ሆነ። በጠጅና በጠላ መካከል የነበረው ደረጃ ከበታቹ ሌላ ደረጃ ተጨመረለት ብዬ አስባለሁ፤ የተሸናፊው ቅል።

ከዚያ ጠርሙሱ መጣ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ቢራ እንደ ጠጅ የመኳንንት፣ እንደ ጠላ የገበሬ አልነበረም፤ የአዲስ ሰው መጠጥ ሆነ። ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ የባቡርና የፖስታ ሠራተኛው፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ የሚቀበለው ሁሉ ቢራ ሲያዝ «ከገጠር ወጥቻለሁ» ማለቱ ነበር። እኔም በሆቴሉ በረንዳ ላይ ለእንግዳዬ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ በቃል ሳይሆን በጠርሙስ።

ወላይታ ውስጥ ሌላም ታሪክ አለ፤ እሱን ዘሎ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። በ1928 የወንጌል ሚስዮናውያን ሶዶ ደረሱ። በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው የተዉአቸው የተጠመቁ አማኞች ጥቂት ደርዘን ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ጠበቃቸው። በዚህ እምነት መጠጥን መተው የአዲስ ሕይወት ምልክት ሆነ። ስንቱን ትዳር ከፍርስራሽ፣ ስንቱን እርሻ ከመሸጥ እንዳዳነ የሚያውቅ ያውቃል፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የወላይታ ቦርዴ ጠማቂ ከሁለት ወገን ትታያለች፤ ለዘመናዩ ኋላ ቀር፣ ለአማኙ ጎረቤቷ አሳች። ሁለተኛውን ወቀሳ አከብረዋለሁ፤ ለጠርሙሱም ለቅሉም እኩል የተሰነዘረ ነውና። የሚከነክነኝ የመጀመሪያው ነው።

የፋብሪካው ዘመን በእኛ ዕድሜ እንዴት እንደፈጠነ ተመልከቱ። ደርግ የወረሰውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ፋብሪካ በ1998 የፈረንሳዩ ካስቴል ገዛው። በ2000 ጎንደር ላይ ዳሸን ቢራ ሥራ ጀመረ። በ2011 የሆላንዱ ሃይነከን ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በ2012 የእንግሊዙ ዲያጆ ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን በ2022 ሜታ በካስቴል እጅ ገባ። በመካከሉ ካስቴል ሐዋሳ ላይ ፋብሪካ ተከለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ያሉት ሐበሻ ቢራም በ2015 ደብረ ብርሃን ላይ ተጠመቀ። በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እስኪያወርድ ድረስ፣ አገሩ ሁሉ ቢራ ቢራ ይል ነበር። ለቦርዴ ግን ማንም ማስታወቂያ ሠርቶለት አያውቅም።

በአዲስ አበባ ጠማቂው እዚያው ጠምቆ እዚያው የሚቀዳበት ቤት አልጠፋም። በቦሌ የነበረው ቢራ ጋርደን በጀርመን ወግ የሚጠምቃቸውን «ብሎንዲ»ንና «ኢቦኒ»ን፣ ስንቱ በአድናቆት አልጠጣም! እኔም ለሥልጠና ሄጄ ቀምሻለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ የመጥመቂያው በርሜል ሲታይ «እንዴት ያለ ሥልጣኔ ነው!» አልኩ። የእናቴ እንስራም ከጠጪው ፊት ለፊት ይቀመጥ እንደነበረ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ አይደለምን?

ፈረንጆቹስ ወደ ትንሹ ጠማቂ የተመለሱት ከየት ነው? እነርሱም አንድ ጊዜ ጥለውት ነበር። ጁዲት ቤኔት የተባለች የታሪክ ምሁር በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ በ1300 ገደማ በእንግሊዝ አገር ጠመቃ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር፤ በየመንደሩ ከቤታቸው ተርፎ ለጎረቤት የሚሸጡት። በ1600 ገደማ ግን ሥራው የወንዶች ሆኗል። መጠጡ እንዲቆይ የሚያደርገው ሆፕ የተባለው ተክል ሲገባ ንግዱ ሰፋ፤ ሲሰፋም ትልቅ መነሻ ገንዘብና ብድር ጠየቀ፤ ሴቶቹ ደግሞ ይህ አልነበራቸውም። ይህን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት፣ የብድር ማመልከቻዎች በተከመሩበት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ከዚያ ሳይንሱ መጣ። ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ ያጠናውን አሳተመ፤ በ1883 በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ሐንሰን ንጹሑን እርሾ ለብቻው ለየ። ቢራ የትም ቢጠመቅ አንድ ዓይነት የሚሆንበት መንገድ ተከፈተ። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ አልክደውም። አንድ ዓይነት ማድረግ ግን እየበረታ ሄደና በ1970ዎቹ መጨረሻ በመላው አሜሪካ የቀሩት ቢራ ጠማቂዎች ከመቶ አነሱ። ያን ጊዜ ጥቂቶች እምቢ አሉ። በ1965 ፍሪትዝ ሜይታግ የሚባል ወጣት ሊዘጋ የተቃረበውን የሳን ፍራንሲስኮ አንከር ጠመቃ ገዝቶ አዳነ። በ1971 እንግሊዞች የጥንቱን ቢራ ለማዳን ማኅበር አቋቋሙ። በ1976 ጃክ ማኮሊፍ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒው አልቢዮንን ከፈተ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በቤት መጥመቅን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ዛሬ በዚያ አገር ከዘጠኝ ሺህ በላይ ጠማቂዎች አሉ። መንገዱ አልጋ በአልጋ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ያ ሜይታግ ያዳነው አንከር ራሱ በ2023 ተዘግቷል።

እነርሱ ከመቶ በታች ከወረዱበት ተነሥተው ዘጠኝ ሺህ ደረሱ፤ በእኛ ዞን ያሉትን ጠማቂ እናቶች ግን ማን ቆጥሯቸው ያውቃል? ከአረካ እስከ ሁምቦ፣ ከቦዲቲ እስከ ሶዶ፣ በየገበያው ዳር እንስራዋን አቅፋ የተቀመጠችው ሴት ራሷን የቻለች ጠማቂ ናት። ባለአክሲዮን የላትም፤ ጣዕሟ የጎረቤቷን አይመስልም፤ ደንበኛዋም «የእከሊት ቦርዴ» እያለ በስሟ ይጠራዋል። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችውን ነው ፈረንጆቹ አሁን አዲስ ስም ያወጡለት።

ቦርዴ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ሆድ ያማል፤ ከልክ ካለፈም ያሰክራል፤ የሚሰክረውም ሚስቱ ቤት ሆና የምትጠብቀው ሰው ነው። ይህ ግን ሥራው መሻሻል እንዳለበት እንጂ መናቅ እንዳለበት አያሳይም። የፋብሪካ ቢራስ ንጹሕ ውሃ፣ ቤተ ሙከራና ብድር አግኝቶ አይደል እዚህ የደረሰ?

አሁን ወደ ሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት እናት ወደ መስኮቴ መጡ፤ ሒሳብ ሊከፍቱ። ቅጹን ስሞላላቸው «ሥራዎት ምንድን ነው፣ እማማ?» አልኳቸው። «ቦርዴ እጠምቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው። እኔ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ብድር ሊጠይቁ ተመለሱ፤ ምጣድ ሊጨምሩ፣ የውሃ በርሜል ሊገዙ። ፋይላቸው ሲከፈት ሥራ እንደሌላቸው ይናገራል፤ ገቢ የሌለው ሰው ደግሞ አይበደርም። በመዝገቡ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእኔ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ፤ ሌላ አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ያን ዕለት ማታ ሌላ ቅጽ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ «የእናት ሥራ» በሚለው መስመር ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩትም ይኸው ነበር፤ የቤት እመቤት። የደብተሩ ሽፋን ጭስ ጭስ ይሸት ነበር።

እንግዳዬን ቦርዴ ቤት ወሰድኩት። ከገበያው ጀርባ፣ አግዳሚ ላይ፣ ከአናጢና ከተሸካሚ መካከል ተቀመጥን። የባንኩን ክራቫት ለብሼ ነበር፤ አላወለቅሁትም። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ጎንጭቶ ዓይኑን ጨፈነ። ባለቤቲቱ «ምነው ኮመጠጠ እንዴ?» ብለው ሰጉ። «አይ እማማ፣ እዚያ ስፈልገው የነበረው ይኸው ነው» አላቸው። እኔ ደግሞ ቅሉን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከስንት ዘመን በኋላ የእናቴን ቤት ቀመስኩ።

አሁን ቅጽ ስሞላ «ጠማቂ» ብዬ እጽፋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። ይህ ቃል ብድር እንደማያስገኝ አውቃለሁ፤ ገና መንገድ አለው። ግን ከመዝገብ የጠፋ ሙያ ከታሪክም ይጠፋል፤ ታሪክም እኮ በመጀመሪያ የሚጻፈው እንደኔ ባለ ጸሐፊ እጅ፣ በአንዲት ጠባብ መስመር ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለችው የእኔው ስንኝ ናት፤ ለእናቴ ትሁንልኝ።

እናቴ ስትነሣ ጎህ ሳይቀድ ማለዳ፣
ጭሱ ለሷ ነበር፣ ቅሉ ግን ለንግዳ፤
ያበላኝን ሙያ ሳልጽፈው ዘለልኩ፣
መዝገቡ ሞልቶልኝ እኔ ግን ጎደልኩ።

ቸር ይግጠመን።